ሳልተኛ የፈረምኩት ዕረፍት

ውድ እታለም፣

የላክሽልኝ ወረቀት ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «የተመደበልኝን የአራት ሰዓት ዕረፍት በሚገባ ወስጃለሁ፤ ስህተቱ የራሴ ቸልተኝነት ነው» ይላል። ከግርጌው ስሜ፣ ከስሜ ጎን ባዶ መስመር። ያንቺ አጻጻፍ መሆኑን ገና «በሚገባ» የሚለው ላይ ስደርስ ነው ያወቅሁት። አልፈርምም። ደብዳቤውን እዚህ ላይ ባቆመው በወደድኩ፤ ግን ሰባት ዓመት አብረን በርረን በአንድ ቃል ልሸኝሽ አልቻልኩም።

ወደ ቢሮ ከገባሽ ሁለት ዓመት ስለሞላሽ መንገዱን ረስተሽው እንደሆነ ላስታውስሽ። አሥራ አራት ሰዓት ነው። ከኋላ መጸዳጃ ቤቶቹ በላይ ያለው የኛ የአስተናጋጆቹ መኝታ፣ ያ በጠባብ መሰላል ጎንበስ ብለን የምንወጣበት፣ በሩ ላይ «ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ጭስ የሚጠቁመው መሣሪያ ተበላሽቷል አሉን። ከተበላሸ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። በምትኩ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሦስት ወንበር በመጋረጃ ከልለው ሰጡን። ከጀርባው ግድግዳ ስለሆነ ወንበሩ ወደ ኋላ አይልም።

መንገደኛ ደግሞ መጋረጃ ሲያይ ግባ የተባለ ይመስለዋል። ጫማዬን አውልቄ ዓይኔን ከመክደኔ አንድ ሰውዬ አንገቱን አስገባ።

«ተኝተሻል እንዴ እህቴ?»

«አዎ» አልኩት።

«በቃ አትነሺ፤ ውሃው የት እንዳለ ብቻ ንገሪኝ።»

ነገርኩት። ተመልሶ መጥቶ «አጣሁት» አለኝ። ከሱ ቀጥላ አንዲት እናት «አይዞሽ፣ አንቺን አልነካሽም» እያለች ሕፃኗን ጎኔ አስተኝታ ዳይፐር ቀየረችለት። እውነቴን ነው፣ ያኔ ስቄያለሁ። ግን ከአራቱ ሰዓት አርባ ደቂቃ እንኳ አልተኛሁም።

አውሮፕላኑ ያረፈው እኩለ ቀን ላይ ነው። በሩ ከመከፈቱ በፊት የበሩን ማንሻ መልሶ የድንገተኛ መውጫውን መንሸራተቻ ከበሩ ማላቀቅ እንደሚገባ፣ ያለዚያ በራሱ ተነፍቶ እንደሚወጣ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። እጄን ማንሻው ላይ ማሳረፌን አስታውሳለሁ። ባልደረባዬ ከማዶ በር ስትጠይቀኝ «ተላቅቋል» ብዬ መለስኩላት፤ ምዬ መናገር እችል ነበር። ከዚያ በሩን ከፈትኩት። መንሸራተቻው ባንዴ ተነፍቶ ወደ ውጭ ተወረወረ። ደረጃውን ሲያስጠጋ የነበረው ሠራተኛ ወደቀና ክንዱ ተሰበረ።

ጥፋቱን አልክድም። ሐኪም ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ክንዱ በጄሶ ተጠቅልሎ፣ ፊቴን አየት አድርጎ «ለመሆኑ እንቅልፍ ካየሽ ስንት ሰዓትሽ ነበር?» አለኝ። እስካሁን ይህን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። አለቆቹ አልጠየቁኝም። አንቺም አልጠየቅሽኝም፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም በላይ አንጀቴን አሳርሮታል። ለምን ትጠይቁኛላችሁ? በእጃችሁ የዕረፍት ቅጹ አለ፤ ቅጹ ላይ ፊርማዬ አለ።

እስቲ ስለ ቅጹ እውነቱን እንነጋገር። የመጀመሪያ ረጅም በረራዬ ላይ መንገደኛ ገና ሳይገባ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን አስጨበጥሽኝ።

«አሁኑኑ ፈርሚ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ለዚህ የሚሆን አቅም አይኖርሽም።»

«ገና ሳልተኛ?»

«ብትተኚም ባትተኚም ወረቀቱ ያው ነው የኔ እህት።»

ሳቅሽ፣ እኔም ሳቅሁና ፈረምኩ። ከኔ በኋላ ለመጡትም ያንኑ አስተማርኩ። ሁላችንም ሞተሩ ሳይነሳ ዕረፍታችንን ፈርመን እንጨርሳለን። እግራችን አብጦ እንወርዳለን፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሁላችንም እንደ ሕፃን ተኝተናል። መኝታው ለምን ሦስት ሳምንት ተዘጋ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ እንኳ አፉን የሚያስዘጋው የኛው ፊርማ ነው።

በስልክ «ፈርሚና ይለፍሽ፤ በማስጠንቀቂያ ይታለፋል። ካልፈረምሽ ግን ያሰናብቱሻል» ብለሽኛል። ለኔ አስበሽ መሆኑ አይጠፋኝም። ትኩሳት በያዘኝ ጊዜ የመኝታ ተራሽን ለኔ ሰጥተሽ፣ መንገዱን ሙሉ የኔንም ሥራ ደርበሽ በእግርሽ ቆመሽ የሄድሽ ሰው ነሽ። በረራ ክፍሉ በሙሉ እታለም የሚልሽ በከንቱ አይደለም። ያች ሴት ይህን ወረቀት ስትጽፍ እጇ እንዴት እሺ አላት? ይህን ስጠይቅ ነው ያደርኩት።

ሥራዬን ማጣት እፈራለሁ። ሌላ ሙያ የለኝም፤ ይህንንም ደግሞ እወደዋለሁ። ቢሆንም ከፈረምኩ ያ መኝታ እንደተዘጋ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከኔ የባሰ እንቅልፍ ያጣች ልጅ እዚያው በር ላይ ትቆማለች፤ ወረቀቱም በሚገባ ተኝታለች ይላል።

ስለዚህ ማክሰኞ ጉዳዬን በሚያየው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት የምናገረውን አስቀድሜ ልንገርሽ። መንሸራተቻውን ያላላቀቅሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዕረፍቴን የፈረምኩት ሳላርፍ ነው፣ ዋሽቻለሁ እላለሁ። ከአሁን በኋላ የምፈርመው ካረፍኩ በኋላ፣ የተኛሁትን ደቂቃ ጽፌ ብቻ ነው፤ ይህን የማትቀበሉ ከሆነ አሰናብቱኝ እላለሁ።

«ሳያርፉ መፈረምን ማን አስተማረሽ?» ማለታቸው አይቀርም። አንቺ ከነሱ ጋር ጠረጴዛው ወዲያ ትቀመጫለሽ። ስምሽን አልጠራም። የራራሁልሽ እንዳይመስልሽ። ዝም ብዬ አንቺን አንቺን አያለሁ፣ ራስሽ እስክትናገሪ ድረስ።

እስከዚያው ደህና ሰንብቺልኝ።

ታናሽሽ