ሐሙስ ስለሚበረው አውሮፕላን የግራ ክንፍ

ለተከበሩ የአውሮፕላን ፋብሪካው መሥራች፣ ባለቤትና ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና በተለይም ከጋዜጣ ገጽ የማይጠፋው ፈገግታዎ ሳይጓደል ይቆይልዎ ዘንድ እመኛለሁ። እኔ ፋብሪካው ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ የአውሮፕላን አካላትን ስመረምር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩ፣ አሁን ግን በእርስዎ መልካም ፈቃድ እቤቴ እንዳርፍ የተደረግሁ ሠራተኛ ነኝ። ሐሙስ አዲሱን አውሮፕላን በእንግዶችዎ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያበርረው ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ነው። በአደባባይ መጻፌም በጸሐፊዎ በኩል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መንገድ ላይ ስለቀሩ ነው።

1ኛ. ሰሞኑን ለጋዜጣ የሰጡትን የሕይወት ታሪክዎን ሁለት ጊዜ አንብቤ ተደንቄያለሁ። የመጀመሪያውን አውሮፕላን ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ውስጥ በገዛ እጅዎ እንደገጣጠሙት ተጽፏል። ጣሪያው ማፍሰሱ እውነት ነው፤ ባልዲውን የማስቀምጠው እኔ ነበርኩ። ክንፉን የገጠሙት ግን ያኔ አብረውን የነበሩት ሽማግሌ በያጅ ናቸው። እርስዎ ስልክ ያነሱ ነበር፤ እሱም ሥራ ነው፣ አልናቅሁትም። እኚያ ሰው አንድ መስመር እንኳ ያላገኙት በቦታ ጥበት ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ፤ ፎቶግራፍዎ ግማሽ ገጽ ይዞ ነበርና።

2ኛ. በግራ ክንፍ ማያያዣ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አግኝቼ «አያልፍም» የሚለውን ቀይ ወረቀት ስለጥፍበት፣ ሙሉ ልብስዎን እንደለበሱ እስከ መመርመሪያ ጠረጴዛዬ ድረስ መውረድዎ ልቤን ነክቶታል። አጉሊ መነጽሩን ባቀርብልዎ አላዩበትም። ይልቁንስ ፀጉር የገደለው ሰው ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩን፤ አለቆቼም እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ለወጉ ያህል ፈገግ ማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

3ኛ. በማግስቱ ደክሞሻል ተብዬ የአሥር ቀን ዕረፍት ተሰጠኝ፤ ስለ አሳቢነትዎ እግዜር ይስጥልኝ። የረሳሁትን መነጽር ልወስድ ብቅ ስል ግን ማኅተሜን የምቆልፍበት መሳቢያዬ ተሰብሮ፣ ያው ማያያዣ ሳይለወጥ ተመርምሮ አልፏል ተብሎ፣ እኔ እቤቴ ልብስ ሳጥብ በዋልኩበት ቀን የእኔው ማኅተም፣ ቁጥር ሰባት፣ መዝገቡ ላይ ተመትቶ አየሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ እርስዎ አጥሩን ነቅለው ነው የሄዱት።

ከዚህ ሌላ ቅሬታ የለኝም፤ ያለኝ ፍርሃት ነው። ድንኳን እንደተተከለ፣ ትልልቅ ሰዎች እንደተጠሩና ቀኑ እንደማይለወጥ ሰምቻለሁ። ማያያዣውን ለመለወጥ አሥራ ሁለት ቀን ይበቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ግን መሬት ላይ ላለች ሴት ነው፤ ከሦስት ሺህ ሜትር ላይ የፈሰሰ አይለቀምም። ወንድሜን አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። ስለዚህ እጠላዎታለሁ፤ ይህንንም በትሕትና እገልጻለሁ።

የሰጡኝን ዕረፍት እስከ መጨረሻዋ ቀን በምስጋና እየተጠቀምኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ንዴት ጋር፣

የማኅተም ቁጥር ሰባት ባለቤት፣ የአብራሪው ታላቅ እህት

ግልባጭ፦
ለበረራ ደኅንነት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት (ከስንጥቁ ፎቶግራፍ ጋር)
ለአብራሪው ባለቤት

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለወንድሜ አነበብኩለት። ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦ «እታለም፣ አትጨነቂ። አውሮፕላኑ እኮ ሁለት መቀመጫ አለው። ጋሼ ከኋላዬ ይቀመጡና ሐሙስ አብረን እንነሳለን፤ እሳቸው ካልወጡ እኔም አልወጣም።» የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋም የበረራ ሄልሜት ልታዘጋጅልዎ የራስዎን ልክ እየጠየቀች ነው፤ እስከ ረቡዕ ቢልኩላት።