የከሰል ካውያሽ አሁን የሳሎን ጌጥ ነው

ዙሌ፣

አሮጌ ዕቃ አስውቦ ስጦታ በማድረግ በቃሊቲ የሚስተካከለኝ የለም። አልጋ ሥር የዛገውን የከሰል ካውያሽን ወርቃማ ቀለም ቀብቼ፣ የላስቲክ አበባ ሰክቼበት፣ ለአከራያችን ለእትዬ አደሴ የሳሎን ጌጥ አድርጌ ሰጠኋቸው።

አልጠየቅኩሽም።
አንቺም ሽቶዬን ስትጨርሺ አልጠየቅሽኝም።

ዛሬ ከሰዓት ኢንተርቪው እያለሽ መብራት እንደሚጠፋ በምን ልወቅ?

ጉርድሽን ውሃ ረጭቼ ፍራሽ ሥር ዘርግቼዋለሁ። ተኚበት። ክብደትሽ ለአንድ ቀን እንኳን ይጥቀመን።

ካውያውን ላስመልስ ጠዋት እትዬ አደሴ ጋ ሄጄ ነበር። አበባዬን መሬት ላይ ጥለው፣ ካውያው ውስጥ ፍም ሞልተው፣ የልጃቸውን ዩኒፎርም ሲተኩሱ ደረስኩ። ስንት ቀን እንደለፋሁበት ነገርኳቸው።

«አበባሽን ይዘሽ ሂጂ» አሉኝ። «ካውያው ግን ይሠራል።»