ሩታ ታነባለች፣ እኔ እስላለሁ

ይድረስ አርባ ምንጭ ላሉት ውድ አጎቴ፣ ለጋሼ ማርቆስ፤

ከነቤተሰብዎ እንዴት ሰነበቱ? ሐዋሳ ያለነው፣ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን።

የኤሌክትሪክ ትምህርቴ ገፍቷል። የምናጠናው በግሩፕ ነው። የክፍል ጓደኛዬ ሩታ ኖቷን ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ ሰርኪዩቱን በጣቴ ጠረጴዛው ላይ እስላለሁ። ግራ ሲገባቸው የሚጠይቁት እኔኑ ነው! የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬም ከሰሌዳ መገልበጥ ስለሰለቸኝ የራሴ ኖት የለኝም፤ በቃሌ የያዝኩት ግን አይጠፋብኝም። ባለፈው ፈተና መምህሩ ጥያቄውን አነበቡልኝና ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ስመረቅ የቤትዎን መብራት የምዘረጋው እኔ ነኝ።

ለመሆኑ፣ አያቴ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ያቃታቸው በስንት ዓመታቸው ነበር? እማዬን ብጠይቃት "ምን አስጠየቀሽ?" ብላ ትክ ብላ አየችኝ። ሰኞ ሩታ ሐኪም ቤት ይዛኝ ትሄዳለች። አደራ፣ ለእማዬ አይንገሩብኝ።

አክስቴን ይሳሙልኝ። እዚህ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ አብረን ዓሣ የምንበላበትን ቀን ጌታ ያቅርብልን። ጽሑፉ እንዲህ ያማረው እኔ እያልኳት ሩታ ስለጻፈችው ነው። ስሜን ግን በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ ከመስመሩ ወጥቶ እንደሆነ ፈልገው ያንብቡልኝ።

ወንጌላዊት