የሰናይት እጆች በአሮጌው ታብሌት

ቅዳሜ፣ የካቲት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ጂንካ

ዛሬ ከገበያ ስመለስ ያገለገለ ታብሌት የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። አንዱን ሳነሳ ባለሱቁ ሙሉጌታ አልዋሸኝም። «ወንድሜ፣ ይሄ ዕድሜው ሄዷል። ከፋሲካ በኋላ አዲስ ሞዴል አስመጣለሁ፤ ብትታገስ ይሻልሃል» አለኝ።

እኔ ግን ልሞክረው ብዬ ሐዋሳ ለምትኖረው እህቴ ለሰናይት በቪዲዮ ደወልኩ። ሰናይት ጆሮዋ አይሰማም፤ የምናወራው በእጃችን ነው። በእኔ ትንሽ ስልክ ጣቶቿ ስለማይለዩልኝ፣ በጽሑፍ ብቻ ስንጠያየቅ ዓመት አለፈን።

ገና ስታየኝ «ጸጉርህ ሸብቷል!» አለችኝ በምልክት። ምስሉ እየተጎተተ እጇ ሲደበዝዝብኝ ነገርኳት። ቀስ አለችልኝ፤ ሁሉም ገባኝ። በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አላትና እየሳቀች በፍጥነት ታወራ ጀመር። ምንም አልያዝኩም።

«ድገሚልኝ» አልኳት።

«ተወው፣ ሲደገም አያስቅም።»

ታብሌቱን ለሙሉጌታ መልሼ ወጣሁ። ምን ይሆን እንደዚያ ያሳቃት? አዲሱን ብጠብቅ ፈጣን እጇንም አያለሁ። እስከ ፋሲካ ግን ቀስ ያለውም ይቀርብኛል። ሰኞ ሄጄ አሮጌውን ሳልገዛው አልቀርም። መጀመሪያ የምጠይቃት ያንኑ ያሳቃትን ነገር ነው፤ ትነግረኝ እንደሆነ እንጃ።