የአውራ ጣት ማር

ሲናን፣ ሚያዝያ ፳፪ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

አደይ፣ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን ያምሽ ነበር፤ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በሕይወት መኖሬን ከዚህ ወረቀት ስለምትሰሚ፣ ቆመሽ ከሆነ ቁጭ በይ።

ይህን የሚጽፍልኝ ዲያቆን አለበል ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ እሱ ደግሞ የእኛን ቋንቋ፣ ትግርኛን፣ አያውቅም። በድምፁ ብቻ እንዲጽፍልኝ ሞክረን ሁለት መስመር ሳንሞላ ተጣላን። ስለዚህ በአማርኛ እነግረዋለሁ፤ እዚያ ደግሞ ጎጃም ቅኔ የተማሩት መሪጌታችን ተርጉመው ያነቡልሻል። «አደይ» የሚለውንም «እናቴ ይሻላል» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። እሷን ቃል አልለቅም አልሁት።

ወረቀቱን የሚያመጣልሽ አብሮኝ ለጣልያን የዘመተው የጎረቤታችን ልጅ ወልዳንኪኤል ነው። ጣልያን ደብረ ማርቆስን ከለቀቀ ወዲህ መንገዱ ስለተከፈተ፣ አብረን እንግባ ብሎ እዚህ ድረስ መጥቶ ሦስት ቀን ለመነኝ። አልሄድም አልሁት። ሳትረግሚኝ ምክንያቱን ስሚኝ።

ጣልያንን የከዳሁት የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ነው። ጠመንጃዬን ይዤ ወደ አርበኞች ስገባ ወባ ጣለኝና ወይዘሮ የብርጓል የሚባሉ ባልቴት ቤታቸው አስተኝተው አዳኑኝ። ከዚያ ወዲህ መሬታቸውን የማርሰው እኔ ነኝ። በመጀመሪያ በሬዎቹ እንኳ አልሰሙኝም። በእኛ አነጋገር ስነዳቸው ዞረው ያዩኛል እንጂ አይራመዱም፤ ያየ ሁሉ ሳቀብኝ። አሁን እንደ ጎጃሜ ስጮህባቸው ይሄዱልኛል። ደስ ይለኛል፤ ያሳፍረኛልም። በዚህ ሁዳዴ፣ እያረስሁ የእርፍ ስም በእኛ ቋንቋ ጠፋኝ። ባስበው ባስበው አልመጣ ሲለኝ በሬዎቹን አቁሜ ድንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። ወልዳንኪኤል ሲመጣ፣ ከአንቺ ጤንነት ቀጥዬ የጠየቅሁት ያን ስም ነው።

ወይዘሮ የብርጓል ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ታላቁ እንዳላማው፣ እኔ ከመክዳቴ ሁለት ሳምንት በፊት፣ ጨሞጋ ወንዝ ማዶ ለጣልያን ከዘመቱ አስካሪዎች ጋር ሲዋጋ ሞተ። ታናሹ አስማማው የወንድሙን ገዳይ ሳያገኝ ፀጉሩን ላይላጭ ማለ። በዚያ ሰሞን የመጣውን ከዳተኛ ሁሉ በየትኛው ጦር እንደነበረ ይጠይቅ ነበር። እኔንም ጠየቀኝ፤ እንዳልገባኝ ሆንሁ። ያን ጊዜ አማርኛ አለማወቅ ይጠቅም ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወይዘሮ የብርጓል ቄሱንና ሽማግሌዎችን ሰብስበው አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው አጠቡኝ። እዚህ አገር ይህን የጠባ የጡት ልጅ ይባላል፤ ርስት ይካፈላል፣ እናቱን ይጦራል፣ ይቀብራል። ከዚያ ወደ አስማማው ዞረው፣ እንግዲህ ወንድምህ ነው፣ ወንድም ከወንድሙ ደም አይፈልግም አሉት። በማግሥቱ አስማማው ፀጉሩን ተላጨ።

አደይ፣ ከአንቺ ሌላ እናት ስለያዝሁ ይቅር በይኝ። ጨሞጋ ማዶ የሆነውን ወልዳንኪኤል አጠገቤ ሆኖ አይቷል። ሰው በሌለበት፣ በቋንቋችን ይነግርሻል፤ ያን በአማርኛ መናገር አልችልም። እኔ ግን እኚህን ሴት ሁለተኛ ጊዜ ልጅ አላሳጣቸውም።

አለበል ብዕሩን አቁሞ ቀና ብሎ አየኝ። እንዲያው ጻፈው አልሁት።

ይህን ስናደርስ ወይዘሮ የብርጓል ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ለማን እንደሚጻፍ ሲሰሙ የእኔም ቃል ይግባ ብለው ነጠላቸውን እንዳጣፉ አጠገባችን ተቀመጡ። ለእኅቴ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ልጇ በሰው አገር አልወደቀም፤ ያጠባሁትም አውቄ ነውና አትስጋ በላት አሉት። ዲያቆኑ ምኑን ነው ያወቁት ብሎ ጠየቃቸው። እንደ ተነገረህ ጻፍ አሉት።

ምርቃትሽን በእኛ ቋንቋ አስጽፈሽ ላኪልኝ። አለበል ባይገባውም ፊደሉን እየጠራ ያሰማኛል፤ እኔ እሰማዋለሁ። እግዚአብሔር እኔ ያልጦርሁትን እርጅናሽን እሱ ይጡርልሽ። ወገብሽን ይማርልኝ፣ ደጅሽን አይዝጋው።

የማኅፀንሽ ልጅ