አንድ ስንዝር ከእኔ ውጭ

ኅዳር 4

ስፌቱ ከተፈታ ሳምንት አለፈው። ጠዋት አጥሚት፣ ቀን አጥሚት፣ ማታ... ለለውጥ ያህል አጥሚት። ሐኪሙ «ቁስሉ ድኗል» ብሏል። ቁስሉማ ድኗል፤ ሕመሙ ግን አልሰማም። ደብዳቤው አልደረሰው ይሆናል።

ሃያ ዓመት አሶሳ ፍርድ ቤት በር ላይ ለሰው ሁሉ ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬ፣ ለራሴ ሆድ የማመለክትበት ቢሮ አጣሁ። አመልካች፦ ክንፈ። ተጠሪ፦ ከእምብርት በስተግራ አራት ጣት ዝቅ ብሎ የሚኖር፣ ስሙም የአባቱም ስም ያልታወቀ። የአቤቱታው ፍሬ ነገር፦ ይልቀቅልኝ።

ቆርጠው ያወጡት አንድ ስንዝር አንጀት ነው፤ ከነእብጠቱ። እብጠቱ ክፉ ይሁን ደግ እዚህ አይታወቅም ተባለ። ብልቃጥ ውስጥ በመድኃኒት ዘፍቀው፣ ስሜን በፕላስተር ለጥፈው «አዲስ አበባ ላቦራቶሪ አድርሱ» ብለው ለቤተሰብ ሰጡ። ጥቅምት 20 የሚስቴ ወንድም ይገረም ይዞት ተሳፈረ። ጾሬ የስደተኞች መጠለያ፣ ከሚሠራበት መጋዘን ፈቃድ ጠይቆ። እኔ አልጋ ላይ ነኝ፤ ስንዝሬ አገር ያያል።

ክፉ ከሆነስ? ...አጥሚቱ ቀዘቀዘ።

ኅዳር 6

የጠያቂ ቀን። የዝናሽ፣ በር ላይ ቆማ ጠያቂውን ሁሉ ታሸታለች። ሚስቴ ነበረች፤ አሁን ኬላ ሆናለች። ሽቶ የተቀባ አይገባም፣ የጠጣ አይገባም። «ቁስልን ሽታ ያመረቅዘዋል!» እንዳለ የሚባለው የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ሽቶውን አርከፍክፎ መጥቶ በመስኮት ጠየቀኝ። እንደ እስረኛ።

«አይዞህ፣ የአጎቴም ልክ እንዲህ ነው የጀመረው።»

«አጎትህ አሁን እንዴት ናቸው?»

ስለ ዝናብ አወራ። በኅዳር።

ማታ ይገረም ደወለ። ብልቃጡን ጥቅምት 23 አስረክቧል፤ ጉዳይ ስላለው እዚያው ቆይቷል። «ውጤቱ ይቆያል ብለዋል ጋሼ። አንተ ዝም ብለህ ተኛ።»

ተኛሁ። እሱ አልተኛም፣ ያ ተጠሪ።

ኅዳር 8

ነዕማ መጣች። አጥር የምትጋራን የበርታ ሴት፤ ባሚያ አድርቃ ትሸጣለች። እሷን የዝናሽ አታሸትም። ትፈራታለች መሰለኝ።

«የወጣው፣ የት ቀበርክ?» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

«አልተቀበረም። አዲስ አበባ ነው።»

«ሥጋ ነው፣ አይቀበርም? እኛ እጅ ቢቆረጥ፣ እጅ ይቀበራል። ጥርስም ይቀበራል።» ራሷን ነቀነቀች። «ሐኪም ጥሩ ነው፣ ወላሂ። ግን ሰው ግማሽ እዚህ፣ ግማሽ እዚያ... የቱ ነው የሚያመው?»

ሳቅኩ። መሳቅ ክልክል ነው፤ ቅጣቱን ሆዴ ከፈለ።

ከሄደች በኋላ ለዕድራችን ሊቀ መንበር ማመልከቻ በሐሳቤ አረቀቅኩ። «የማኅበራችን አባል አቶ ክንፈ በከፊል ስለተለዩን...» ድንኳን ይሰጡ ይሆን? ግማሽ ድንኳን?

የቱ ነው የሚያመው... ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?

ኅዳር 9

ጠባሳውን ተጫንኩት። በጣት፣ ከዚያ በመዳፍ። አያምም። ሕመሙ አለ፤ እዚያ ግን የለም። ጎረቤት ቤት ግድግዳ ሲመታ እንደሚሰማው... ከሆዴ ውጭ፣ ራቅ ብሎ።

ለየዝናሽ አልነገርኳትም።

ኅዳር 11

ሦስት ቀን መዘገብኩት። ሙያዬ ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ያርፋል። ደግሞ ጠቅ፣ ጠቅ። በመርፌ ሳይሆን ደንደን ባለ ነገር። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ይግላል፤ ፀሐይ የመታው መስታወት እንደሚግል። እኔ ጥላ ውስጥ ነኝ፤ ብርድ ልብስ ደርቤያለሁ። ስምንት ሰዓት ሲሆን አንድ ጥላ መጥቶ ይወርድበታል። ቀዝቀዝ... ሦስቱንም ቀን በሰዓቱ። የመንግሥት ሠራተኛ እንኳ እንዲህ አይገባም።

አዲስ አበባ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ እንዴ?

ኅዳር 12

ደወልኩለት። «ይገረም፣ ብልቃጡን የተረከበህ ሰው ስሙ ማን ነው?»

«ጋሼ... ኔትወርኩ ነው መሰለኝ...»

ኔትወርኩ ደህና ነበር። ምራቁን ሲውጥ ሁሉ ሰምቻለሁ።

ኅዳር 14

ዓብዱልላጢፍ ሊጠይቀኝ መጣ። በባምባሲ መስመር ሚኒባስ ይነዳል። የዝናሽ አሽትታው ናፍጣ ብቻ ስለሆነ አሳለፈችው።

«የሚስትህን ወንድም ያን ጊዜ እኔ ነኝ የመለስኩት» አለ፣ እንደ ቀላል ነገር።

«የት?»

«ባምባሲ። እታለም ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ። መንገድ ተዘጋ ተብሎ ሰው ሁሉ የተመለሰ ጊዜ። በማግስቱ ወደ አሶሳ አመጣሁት።»

«ዕቃ ይዞ ነበር?»

«ባዶ እጁን።»

የዝናሽ በሩ ላይ ናት። ፊቷን አየሁት። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ምስክር ሲዋሽ ያየሁ ሰው ነኝ።

ዓብዱልላጢፍ ሲወጣ መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች። «እኔ ነኝ። መንገዱ ተዘጋ ብሎ ደወለልኝ፤ እዚያው ተወው አልኩት። መንገዱ ሲከፈትም ተወው አልኩት።»

«ለምን?»

«እህቴ የምርመራው ወረቀት እስኪመጣ ትስቅ አልነበረም? ቡለን ከተማ፣ አንተም ነበርክ። ወረቀቱ መጣ፤ በሁለተኛው ሳምንት ቀበርናት። በሽታው አይደለም፣ ወረቀቱ ነው የገደላት። አንተ ሳታውቀው ኑርልኝ ብዬ...»

«መድኃኒት ያለው ክፉ ቢሆንስ? እየመሸብኝ ቢሆንስ?»

የምቀልደው ፈለግኩ። አንድም አልመጣልኝም።

ኅዳር 15

የነቢያት ጾም ገባ። ሰው ዛሬ ይጀምራል፤ የእኔ አንጀት ከጥቅምት ጀምሮ ጾሟል።

በጠዋት ባምባሲ። ከዓብዱልላጢፍ ጎን፣ ሆዴ ላይ ትራስ አቅፌ። የዝናሽ ከኋላ፣ ቃል ሳትናገር። በቀረብን ቁጥር ያ ነገር እየጠራ መጣ፤ ሲያንኮራፋ የነበረ ራዲዮ ጣቢያው ሲገኝለት እንደሚጠራ። ከተማው መግቢያ ላይ ጀመረ። ጠቅ፣ ጠቅ። ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ሰዓት።

ሻይ ቤቱ መንገድ ዳር ነው። መስኮቱ ላይ፣ ከስኳሩ ጣሳ አጠገብ፣ ብልቃጡ። አንዲት ቀይ ዶሮ መስኮቱ ላይ ወጥታ ክዳኑን ትጠቀጥቀዋለች።

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እዚያ አየሁት፣ እዚህ ተሰማኝ።

ዶሮዋን እሽ አልኳት። ቆመ።

«የእርስዎ ነው እንዴ?» አለች እታለም፣ ባለ ሻይ ቤቷ። «ልጁ አደራ ብሎኝ ሄዶ ቀረ። እኔ የባህል መድኃኒት መስሎኝ! ሁለት ሰው በሲኒ ቅጂልን ብሎኛል።»

«ሰጠሻቸው?»

«ባለቤቱ ሳይፈቅድ? ምን ነክቶኝ!»

እግዜር ይስጣት። እቺን ሴት ንብረት ክፍል ሊቀጥሯት ይገባል።

«እዚህ መስኮት ላይ ፀሐይ ያገኘዋል?»

«ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት። ከዚያ የማንጎው ጥላ ይወርዳል።»

የዝናሽ አየችኝ። ማስታወሻዬን ገልጬ የኅዳር 11ን አሳየኋት። ማማተብ ጀምራ መሐል ላይ ተወችው።

ብልቃጡን አነሳሁ። አንድ ትልቅ እጅ ሆዴን ጨበጠው። የእኔው እጅ... ጣቶቼን ላላ ሳደርግ ላላልኝ። ሁለተኛ አልሞከርኩም። ውስጡ ግራጫ ነው፤ የተጠቀለለ፣ የሚተኛ ነገር ይመስላል። እንደምን ከረምክ ልለው ነበር። ቢመልስልኝስ ብዬ ተውኩት።

ኅዳር 17

የዝናሽ ራሷ ይዛው ሄደች። «እኔ የደበቅኩትን እኔ አደርሰዋለሁ።» በነጠላዋ ጠቅልላ።

ነዕማ ባሚያውን ሠርታ አመጣችልኝ። «የዝናሽ ጥሩ ሰው ነው፣» አለች፣ «ፈራ እንጂ።»

ቀኑን ሙሉ ሞቀኝ። ለስላሳ ሙቀት፣ ከላይ የሚተነፍስ ነገር ያለው። ዐሥር ሰዓት ላይ ደወልኩላት።

«የት ደረስሽ?»

«አገሩን መቼ አውቀዋለሁ?»

«ድልድይ ላይ ናችሁ፤ ከሥር የውኃ ንዝረት ይሰማኛል። አውቶቡሱ ቆሟል። ጭንሽ ላይ ነኝ... ነው።»

ከኋላዋ ሰው ያስላል። «ማን ነገረህ?»

«ቀኝ ክንድሽን አንሺው። ተጭነሽዋል።»

አነሳችው። ቀለለኝ።

በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ይህን ያህል ሰዓት አቅፋኝ አታውቅም። ይህንንም ለማግኘት መቆረጥ ነበረብኝ።

ኅዳር 20

አስረከበች። የደረሰኙን ፎቶ ላከችልኝ። ስሜ፣ ዕድሜዬ፣ «አንጀት፣ አንድ»። ውጤቱን ይዛ ልትመጣ የአክስቷ ልጅ ቤት ትቆያለች።

ኅዳር 22

ረፋድ አራት ሰዓት። ቀዝቃዛ። ስስ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ... ዐሥራ አንድ ጊዜ። አላመመኝም። የሚያስፈራው እሱ ነው። ዳቦ ሲቆረስ ቢያስብ ይህን ያስብ ነበር።

ነዕማ ከአጥሩ ማዶ «ክንፈ! ምን ሆንክ?» አለች። ድምፅ አውጥቼ ኖሯል።

ታኅሣሥ 1

የዝናሽ ደወለች። ወረቀቱን አነበበችልኝ፤ ከዚያ አንዱን መስመር ለብቻው ደገመችው። «ክፉ ነገር አልተገኘበትም።» ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ አለቀሰች። እኔም... እዚህ ላይ መዝጋቢው አጎንብሶ ነበር፤ አላየም።

ይገረም ከጾሬ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ይቅር በለኝ» አለ። ችሎት ተሰየመ። ተከሳሽ ጥፋተኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ አንድ ጣሳ አጥሚት ቆሞ ይጠጣ። ጠጣ። ፊቱን አይቼ ልለቀው ነበር፤ ሕግ ሕግ ነው።

ነዕማ አልሳቀችም። «እሺ። አሁን ቅበር።»

ለየዝናሽ መልሼ ደወልኩላት፤ ቀሪውን ሥጋ እንዲመልሱላት ላቦራቶሪውን ትጠይቅ ዘንድ። አይመለስም አሏት። የቆረጡትን በሰም ደፍነው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል። ለብዙ ዓመት። ከሌሎች ጋር።

ታኅሣሥ 9

ሥራ ጀመርኩ። ፍርድ ቤት በር፣ ከጃንጥላዬ ሥር። ሬጅስትራሩ እንዳለ ሽቶውን እንደተቀባ መጥቶ አቀፈኝ፤ ምንም አልሆንኩም። ሳቅኩ፤ ምንም። ሆዴ ጸጥ ብሏል። የዝናሽ ከተመለሰች ጀምሮ ቤታችን ውስጥ አጥሚት የሚባል ቃል አይነሣም።

ግን... እዚያ ጨለማ ነው። ደረቅ። በሰም ጥብቅ ብሎ ተይዟል። አያምም። ግራና ቀኝ ሰው አለ፤ እንደ አውቶቡስ ወንበር፣ ትከሻ ለትከሻ። ከቀኝ ያለው ዝምተኛ ነው። ከግራ ያለው እንደ ልብ ይመታል። ቀስ ብሎ፣ ቀን ከቀን። ባለቤቱ የትኛው አገር እንደተኛ እንጃ። ለእሱም «ቁስሉ ድኗል» ብለውት ይሆናል።

ታኅሣሥ 12

ከግራ ያለው ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ዝም አለ።

ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። ስድስት ሰዓት። ሰባት ሰዓት። ሁለት ባለጉዳይ መለስኩ።

ወረቀት አወጣሁ። «ለክቡራን ቤተሰቦቹ...» ስም የለኝም። አድራሻ የለኝም። በሃያ ዓመት ውስጥ የባለጉዳይን ስም ባዶ ትቼ አላውቅም።

የዝናሽ ምሳ ይዛልኝ መጥታ ነበር። ብዕሬን አየች፣ ወረቀቱን አየች።

«አመመህ እንዴ?»

«እኔን አይደለም» አልኳት።