ማግኔት የሚይዘውና የማይይዘው

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ጌድዮን፣

በስልክ የማይነገር ነገር ስላለኝ ነው የምጽፍልህ። የምትደውለው በእናትህ ስልክ ነው፤ የማዋራህም ሳሎን መሃል ቆሜ፣ ድምፁ ተለቆ ነው። ባለፈው እንኳ "ናፍቀኸኛል" ስልህ "አሜን" ያሉት እናትህ ናቸው። ይህን ደብዳቤ ዩሱፍ ያደርስልሃል፤ እረፍቱን ጨርሶ ሐሙስ ወደ ዱባይ ይመለሳል። ስለ አንተ ኑሮ በጠየቅሁት ቁጥር ስለ ሙቀቱ ያወራልኛል። የዱባይን ሙቀት እንግዲህ በደንብ አውቄዋለሁ።

እናትህ ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። የግቢው ቁልፍ አሁንም አንገታቸው ላይ ነው። አስራ ሁለት ሰዓት ሲል በሩ ይቆለፋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ኳየር የወጣሁትም የልምምዱ ሰዓት ስለሚያመሽ ነው። "ባሏ ውጭ ያለ ሴት ሲመሽባት ሰው ምን ይላል?" ይሉኛል። ሰውማ ስለ እኔ የሚለው መልካም መልካሙን ነው፤ መከራዬም እሱ ሆኗል። የሴቶች ጉባኤ በመጣ ቁጥር መድረክ ላይ ያወጡኛል። "እህታችን ሳያት ባሏን በትዕግሥት እየጠበቀች ነው" ሲባል አዳራሹ በእልልታ ይሞላል። ከዚያ ማይክ ይሰጡኛል፤ እኔም "ጌታ ታማኝ ነው" ብዬ እመልስላቸዋለሁ። እዚያ ላይ ቆሞ "ሰልችቶኛል" እንዴት ይባላል? ቢሰድቡኝ እኮ ጥዬ እወጣ ነበር። እያመሰገኑ ነው ያሰሩኝ።

ሁለት ጊዜ የጠየቅሁህን ጉዳይ መቼም አልረሳኸውም። የትምህርት ቤታችን ባለቤት ወይዘሮ ጽጌማርያም አስኮ ሰፈር አዲስ መዋዕለ ሕፃናት ከፍተዋል። እዚያ ሄጄ እንዳስተምርላቸው ይፈልጋሉ፤ ግቢው ውስጥ የምኖርበት ክፍልም ይሰጡኛል። አንተን ስጠይቅህ "ከእማዬ ጋር ተነጋገሩ" አልከኝ። እናትህን ስጠይቃቸው "ባልሽ ሳይፈቅድ?" አሉኝ። በሁለታችሁ መሃል ስመላለስ ክረምቱ አለፈ። ወይዘሮ ጽጌማርያም ቁርጡን እንድነግራቸው የሰጡኝ ቀን ደግሞ ዛሬ ነው።

ውሳኔዬን ከመንገሬ በፊት ግን ትናንት የሆነውን ላጫውትህ። በዚህ ወር ልጆቹን የማስተምራቸው በዙሪያችን ያሉ ዕቃዎች ከምን እንደተሠሩ ነው፤ እንጨት፣ ጨርቅ፣ ብርጭቆ፣ ፕላስቲክ፣ ብረት። ይታጠፋል? ውሃ ያስገባል? ከኋላው ያለውን ያሳያል? አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሁሉ ያገኙትን እየነከሩና እያጠፉ ወላጆቻቸውን አስመርረዋል። ሚሊዮን የሚባለው ተማሪዬ የአባቱን ካልሲ ሻይ ውስጥ ነክሮ "ካልሲው ጠጣው! ጠጣው!" እያለ ሲጨፍር ተገኘ ብላ እናቱ ከሰሰችኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ ጌድዮን። ቀኑን ሙሉ እንደ ልቤ የምናገረው እዚያ ብቻ ነው።

ትናንት የማግኔት ተራ ነበር። አየር ጤና ሰፈር ስፒከር የሚጠግነው አህመድ ከተቃጠለ ስፒከር ፈልቅቆ የሰጠኝ ትልቅ ማግኔት አለኝ። ሁለት ካርቶን አስቀመጥን፤ አንዱ ማግኔት ለሚይዘው፣ ሌላው ለማይይዘው። ሚስማሩ፣ ቆርኪው፣ መርፌ ቁልፉ ወደ አንዱ፤ ማበጠሪያው፣ ጠጠሩ፣ እርሳሱ ወደ ሌላው ገባ። ልጆቹ "የሚያብለጨልጭ ሁሉ ይያዛል" ብለው ሲደመድሙ፣ ላርማቸው ፈለግሁና ግራ እጄን ከፍ አደረግሁ።

"ይሄ የቲቸር የጋብቻ ቀለበት ነው። ወርቅ ነው። ወርቅ ያብለጨልጫል፤ ግን ማግኔት አይይዘውም። እዩ!"

ኩራቴን ብታየው! ማግኔቱን ጠጋ ሳደርገው ሳብ አደረገኝና ቀለበቴ ላይ ጥብቅ ብሎ ተለጠፈ። ብጎትተው አልለቅ አለኝ። ቀለበቱ ደግሞ ጣቴ ከወፈረ ወዲህ አይወልቅም።

"ማግኔቱ ቲቸርን ያዛት!" ብለው በሳቅ ሞቱ።

ከፊት የምትቀመጠው ማራኪ ብቻ አልሳቀችም። አጠገቤ መጥታ አየችና፣ "ቲቸር፣ ያንቺም ብረት ነው። የሚገባው ወደዚህኛው ካርቶን ነው" አለችኝ።

ምን ልበላት? ትምህርቱን በትክክል ይዛዋለች። "ጎበዝ! አጨብጭቡላት" አልኳቸው። እነሱ ሲያጨበጭቡ እኔ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩና ማግኔቱን በጎን አንሸራትቼ አላቀቅሁት።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ አህመድ ጋ ሄድኩ። ጣቴን እንዳይጎዳኝ ከቀለበቱ ሥር ቀጭን ቆርቆሮ ሸጉጦ በሴጌቶ መጋዝ ቆረጠልኝ። የተቆረጠበትን አየት አድርጎ፣ "እህቴ፣ ይሄ እኮ ብረት ነው፤ ወርቁን ላዩን ነው የቀቡት። ማን ነው የሸጠልሽ?" አለኝ። "ባሌ ነው የገዛልኝ" ስለው ቀለበቱን በወረቀት ጠቅልሎ መለሰልኝ።

ቤት ገብቼ ማግኔቱ ቀለበቱን ሲይዘው ለእናትህ አሳየኋቸው። ምንም አልደነገጡም፤ እኔ የደነገጥኩት ያኔ ነው።

"ምን ያድርግ ልጄ፣ ያኔ እጁ አጥሮት ነው። ሲያገኝ ይለውጥልሻል ብዬ ነው ዝም ያልኩት" አሉኝ።

ፓስተሩ እጁን ጭኖ ሲባርከው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ መድረክ ላይ ሳሳየው፣ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ቀጠሉና፣ "እሁድ ጉባኤው ላይ ባዶ እጅሽን እንዳያዩሽ" ብለው የራሳቸውን ቀለበት ማውለቅ ጀመሩ። ማግኔቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ነበር። ዓይናቸው እሱ ላይ ሲያርፍ ቀጥ አሉ። ቀለበቱን ወደ ቦታው መልሰው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። አባትህ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው ነው! ማግኔቱን አንስቼ ወደ ቦርሳዬ መለስኩት። በጣም አሳዘኑኝ። እዚህ ቤት ከቆየሁ እኔም እንደሳቸው እጄን እየደበቅሁ እንደማረጅ ታየኝ።

ጌድዮን፣ ብረት በመሆኑ አልተቀየምኩህም። ብረት ነው ብትለኝ ኖሮ በደስታ አደርገው ነበር፤ ያኔ ሽቦ ጠምዝዘህ ብታስርልኝም እሺ ነበር የምልህ። የከፋኝ ሁለታችሁም የምታውቁትን ነገር እኔ ብቻ ከልጆች መማሬ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በረንዳው ላይ ልብስ ሳሰጣ እናትህ በስልክ "ልጁስ፣ ትኩሳቱ ለቀቀው?" ሲሉህ ሰማሁ። እኔና አንተ ልጅ የለንም። የማን ልጅ ነው ብዬ ያን ቀን አልጠየቅሁም፤ ዛሬም አልጠይቅህም።

ዛሬ ጠዋት ለወይዘሮ ጽጌማርያም እሺ ብያቸዋለሁ። ፈርቻለሁ። ቅዳሜ ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ። እናትህ በሩን ይከፍቱልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ካልከፈቱልኝም እሁድ ጉባኤው ላይ ማይኩን ይሰጡኛል፤ የዚያን ቀን ግን የምናገረው ሌላ ነው።

ቀለበቱን ትልክልኛለች ብለህ እንዳትጠብቅ። ከሚስማሩና ከቆርኪው ጋር ካርቶኑ ውስጥ ነው፤ ልጆቹ ይማሩበታል።

ሙቀቱ እንዳይጎዳህ ውሃ ቶሎ ቶሎ ጠጣ። ጌታ በሥራህ ሁሉ ይርዳህ። ልጁንም ያሳድግልህ።

ሳያት በየነ